ቀለበት፣ ሎቲ፣ ማተብ፦ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ምን ይውለቅ፣ ለምን?

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ባሕር ዳር ውስጥ ከደብተርና ከዩኒፎርም ዋጋ ቀጥሎ የሚመጣ ጭቅጭቅ አለ። ልጁ በኮሚዩኒኬሽን ቡኩ አንድ መስመር ይዞ ቤት ይገባል፤ «በስፖርት ክፍለ ጊዜ ማንኛውንም ጌጣጌጥ ማድረግ የተከለከለ ነው» የምትል። ማታውኑ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ይጦፋል። አንዷ እናት «የልጄ ጆሮ ገና መበሳቱ ነው፣ ካወለቀችው ይደፈናል» ትላለች። አንዱ አባት «ማተብም ጌጥ ሆነ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ሌላዋ «እኛ ሎቲ አድርገን ስንዘል አይደል ያደግነው፣ ማን ምን ሆነ?» ትላለች። ማንም ያልጠየቀው ሰው ደግሞ «ድሮስ ተማሪ ጌጥ ምን ያደርግለታል» ብሎ ነገሩን ወደ ሥነ ምግባር ይጎትተዋል።

አራቱ ሰዎች ስለ አራት የተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፣ የቃሉ ነው። «ጌጥ» ሲባል ሰው የሚያስበው ማማርን ነው፤ ከማማር ደግሞ ወደ ቅንጦት፣ ወደ ሃይማኖት፣ ወደ አስተዳደግ መሄድ ቀላል ነው። የደንቡ መነሻ ግን ማማር አይደለም። መያዝ ነው። ልጁ እየሮጠ ወይም እየዘለለ ሳለ ሰውነቱ ላይ ያለው ነገር አንድ ቦታ ላይ ቢያዝ ምን ይሆናል? ዕቃው ይበጠሳል ወይስ ልጁ ይጎዳል? ጥያቄው ይኸው ነው። ቀለበት፣ ሎቲና ማተብ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ የተለያየ ስለሆነ አንድ ላይ ጠቅልሎ «ጌጣጌጥ» ማለት አያግባባም።

## ቀለበትና መንጠቆ

የትምህርት ቤት የጎል ብረት ጠጋ ብላችሁ እዩ። መረቡ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ አለው። ብዙ ጊዜ ከፌሮ ተቆርጦ፣ ጎበጥ ተደርጎ፣ ብረቱ ላይ የተበየደ ነው። መረቡ ተበጣጥሶ ካለቀ ቆይቷል፣ መንጠቆው ግን እዚያው አለ። ልጅ ደግሞ አግዳሚ ብረት ሲያይ ዘሎ መንጠልጠል ይወዳል። ጣቱ ላይ ቀለበት ካለና ቀለበቱ መንጠቆው ውስጥ ከገባ፣ ልጁ እጁን ለቅቆ ወደ ታች ሲወርድ 30 ኪሎ የሚመዝን ሰውነት በአንዲት ቀጭን ብረት ይንጠለጠላል። ብረቷ የምታርፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ቆዳ ላይ ነው።

ሐኪሞች ይህን ጉዳት «ሪንግ አቨልሽን» ይሉታል፤ በቀለበት ተመንጭቆ የሚደርስ ጉዳት ማለት ነው። የጣት ቆዳ ከሥሩ ካለው አጥንትና ጅማት ጋር በሙጫ እንደተለጠፈ ነገር አይደለም። ቀለበቱ በኃይል ሲስበው ቆዳው ከነደም ሥሩ ሊገፈፍ ይችላል፣ ልክ ጓንት ሲወልቅ እንደሚሆነው። በሕክምናው ጉዳቱን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው፣ በቀላሉ ደረጃ፣ ደም ወደ ጣቱ መድረሱን አያቆምም። በሁለተኛው ያቆማል፣ ደም ሥሩ ካልተጠገነ ጣቱ አይተርፍም። በሦስተኛው ቆዳው ሙሉ በሙሉ ተገፍፏል ወይም ጣቱ ተቆርጧል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለማከም የጥቃቅን ደም ሥር ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ ይፈለጋል፣ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ደግሞ በየከተማው አይገኝም።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚጠቀሰው ታሪክ የስዊዘርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የሰርቬት ክለብ ተጫዋች ፓውሎ ዲዮጎ ለጓደኛው ጎል አመቻቸ፣ ደስታውን ለደጋፊ ሊገልጽ የሜዳውን አጥር ዘሎ ወጣ። አዲስ ሙሽራ ነበር። ሲወርድ የጋብቻ ቀለበቱ አጥሩ ላይ ተያዘ፣ ጣቱም እዚያው ቀረ። ዳኛው ጨዋታው ዘገየ ብሎ ቢጫ ካርድ ጨመረለት። ከካርዱ ይልቅ ልብ የሚባለው ሌላ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው ኳስ እየተጫወተ ሳለ አይደለም። አጥር ሲዘል ነው። እኛም ጋ ኳስ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ስትወጣ «እኔ ላምጣ» ብሎ የሚዘል አንድ ልጅ አይጠፋም። መምህሩ ሜዳ ውስጥ ያለውን ጨዋታ እያየ ነው፣ ቀለበቱ ግን አጥር ላይ ነው የሚያዘው።

ይህ ከባዱ ነው፣ ደግነቱ ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሌላው መንገድ ነው፣ እብጠት። መረብ ኳስ ወይም እጅ ኳስ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል፤ ኳሷ የጣትን ጫፍ ፊት ለፊት ትመታዋለች፣ ጣት ወዲያው ይሞቃል፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደ ቋሊማ ይነፋል። ቀለበት ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ፣ አሳርፎ ማለፍ ይቻላል። ቀለበት ካለ ጣቱ ያብጣል፣ ቀለበቱ ግን አይሰፋም። በጥብቅ እንደታሰረ ክር ደም ይከለክላል። ቀላል ወለምታ የነበረው ነገር ክሊኒክ ያስኬዳል።

የባሕር ዳር አየርም አይረዳም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በቀትር ሲሮጥ ጣት ሳይመታም ትንሽ ያብጣል። ጣና ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ጣት ይኮማተራል፣ ልክ የነበረው ቀለበት ይላላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እጅ ሲቀዘፍ ሾልኮ ይሄዳል። ጣና የዋጠውን ቀለበት ፈልጎ ያገኘ ሰው ብፁዕ ነው።

አምባር፣ ብራስሌትና የእጅ ሰዓት ከዚህ ብዙም አይለዩም፣ ልዩነታቸው በአብዛኛው የሚጎዱት ሌላውን ልጅ መሆኑ ነው። የሰዓት ጠርዝ ቅንድብ ይፈነክታል። እዚህ ላይ የሚከራከር ወላጅ ብዙም ስለሌለ አልፈዋለሁ።

## «ትንሽ ናት እኮ፣ አትያዝም»

የጆሮ ጌጥ ሁለት ዓይነት ጉዳት አለው፣ ሰው ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያስበው።

የሚታሰበው መቀደዱ ነው። የተንጠለጠለ ጉትቻ በጣት፣ በመረብ ወይም በጓደኛ ሹራብ ተይዞ የጆሮን ሥጋ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ወላጅ «የእኔ ልጅ ጉትቻ አይደለም ያደረገችው፣ ነጥብ የምታህል ሎቲ ናት» ይላል። ለመቀደዱ ልክ ነው፤ ጆሮ ላይ የተለጠፈች ሎቲ በቀላሉ አትያዝም።

የማይታሰበው መወጋቱ ነው። ሎቲዋን አውጥታችሁ መዳፋችሁ ላይ አድርጓት። ከፊት ያማረችው ነጥብ አለች፣ ከኋላዋ መርፌ የመሰለ ግንድ አለ፣ ጫፉ ላይ ማሰሪያዋ። ጆሮ ላይ ስትሆን ያ ግንድ የሚያመለክተው ወዴት ነው? ከጆሮ ጀርባ ወዳለው ጠንካራ አጥንት። ኳስ ጆሮን በጎን ሲመታ ግንዱ ያንን ቆዳ ይወጋል። ጂምናስቲክ ላይ ልጅ ወደ ፊት ስትንከባለልና ጭንቅላቷ ወደ ጎን ሲያጋድልም እንደዚያው ነው። ትንሽ መሆኗ እዚህ ጋ አያድናትም።

ፕላስተር የሚመጣው በዚህ መሀል ነው። «በፕላስተር ሸፍኜ እልካታለሁ» የሚለው ሐሳብ መያዝን ይቀንሳል፣ እውነት ነው። መወጋቱን ግን ከፊት ብቻ የተለጠፈ ፕላስተር ምንም አያደርገውም፤ ከኋላም ግንዱን የሚሸፍን ወፈር ያለ ነገር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ላብ አለ። የከተማችንን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ፕላስተር ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መገመት አያቅተውም።

ስለ መደፈኑ ስጋት ግን ግልጽ መልስ አለ። በሕፃንነቷ ጆሮዋ የተበሳ ልጅ ቀዳዳዋ ጸንቷል፣ ለ40 ደቂቃ ቢወልቅ አይደፈንም፣ ለሳምንትም ቢሆን ብዙ ጊዜ አይደፈንም። ችግሩ አዲስ የተበሳችው ጋ ነው። ለስላሳው የጆሮ ጫፍ ለመዳን 6 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። አሁን ኮረዶቹ የሚወዱት የላይኛው፣ ጠንካራው የጆሮ ክፍል ደግሞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይወስዳል። ቁስሉ ሳይድን አውልቆ መልሶ መክተት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ እናትየዋ ያለችው እዚህ ላይ ልክ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚሰጡት ምክር ቀላል ነው፤ ጆሮ ማስበሳት ከፈለጋችሁ በረጅሙ ዕረፍት መጀመሪያ አስበሱ። እኛም ጋ ክረምቱ ተመቻችቶ ተቀምጧል። ሐምሌ መጀመሪያ የተበሳ ጆሮ መስከረም ላይ ከ6 ሳምንት በላይ ሆኖታል። ጥቅምት ላይ ለልደቷ ተብሎ የተበሳ ጆሮ ግን እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ከመምህሩ ጋር ያጨቃጭቃል።

## ማተብ ጌጥ አይደለም፣ ክር ግን ነው

ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ሳይነኩት የሚያልፉት ለዚህ ነው።

ማተብ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሱ የሚታሰር ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ማዶ ዘጌ፣ ለክርስቲያን ቤተሰብ ማተብ የማንነት ምልክት ነው እንጂ እንደ ሀብል ተመርጦ የሚጠለቅና የሚወልቅ አይደለም። «ማተቡን በጠሰ» ማለት በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይስተውም። እንግዲህ «ማንኛውም ጌጣጌጥ» የሚል ወረቀት ላይ ማተብ አለበት ወይስ የለበትም ብሎ አለመጻፍ መምህሩንም ወላጁንም ለጠብ መዳረግ ነው። አንዱ መምህር አለበት ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው የለበትም ብሎ ያልፈዋል፣ ልጁ በሁለቱ መሀል ግራ ይጋባል።

በሌላ በኩል ማተብ ክር ነው። ክር አጥር ላይ ሲያዝ ማን እንዳሰረው አይጠየቅም። ነገሩም ከሚጠበቀው የተገላቢጦሽ ነው። ቀጭን የወርቅ ሀብል ሲያዝ ይበጠሳል፤ ወርቁ ያሳዝናል፣ አንገት ይተርፋል። ጠበቅ ተደርጎ የተጎነጎነ ክር ግን እንዲበጠስ ተብሎ አልተሠራም። ለዓመታት አንገት ላይ እንዲቆይ ነው የተሠራው። ከሁለቱ ለአንገት የሚያሰጋው ርካሹ ነው።

ይህ ስጋት የእምነት ጥላቻ የወለደው እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 የልጆች ጃኬት ኮፍያና አንገት ላይ ያለው የሚሳብ ገመድ እንዲቀር መመሪያ አወጣ። ምክንያቱ ገመዱ ሸርተቴና ሌላ መጫወቻ ላይ እየተያዘ ልጆች መታነቃቸው ነበር። አውሮፓም ኢ.ኤን. 14682 በሚባለው ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮፍያና አንገት ላይ ገመድ ያለው ልብስ እንዳይሠራ ይላል። ስለ ማተብ የተጻፈ አንድም ቃል የለበትም። አንገት ላይ ስላለ ገመድ ነው የሚያወራው።

ታዲያ ይውለቅ? እኔ አያስፈልግም ባይ ነኝ። መለየት ያለበት ሌላ ነገር ነው። አንገት ሥር ገጥሞ የተቀመጠ ማተብ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ስለሌለው በቀላሉ አይያዝም። ደረት ላይ የሚወርድ ረጅም ማተብ ይያዛል። ጫፉ ላይ የብር መስቀል ካለ ደግሞ ነገሩ ይጨምራል፤ ልጁ ወደ ፊት ሲንከባለል መስቀሉ ከደረቱ ተነሥቶ ወደ አፉ ይመጣል፣ ከመሬት ሲነሣ ጥርሱን ያገኘዋል። ስለዚህ ማተቡ ይቆይ፣ ከተቻለ መስቀሉ ለዚያች ክፍለ ጊዜ ተፈትቶ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፣ ክሩ ከቲሸርቱ ውስጥ ይሁንና ቲሸርቱ ቱታው ውስጥ ይከተት። ለሩጫ፣ ለኳስ፣ ለሰውነት ማሟሟቂያ ይህ ይበቃል። ገመድ መውጣት፣ ብረት ላይ መንጠልጠል ከሆነ ግን ረጅም ማተብ ያለው ልጅ ሌላ ሥራ ይሰጠው፣ ወይም ወላጅ የንስሐ አባቱን አማክሮ አጠር ባለ፣ በኃይል ሲሳብ በሚበጠስ ቀጭን ክር ይቀይርለት። ይህን ለመነጋገር የወላጅና መምህር ኅብረት አንድ ስብሰባ ይበቃዋል።

ሕገ መንግሥቱም ወደዚሁ ያመዝናል። አንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ሲሆንና የሕዝብን ደኅንነት፣ ጤናን፣ ትምህርትን ወይም የሌሎችን መብት የመሳሰሉትን ለመጠበቅ አስፈላጊ ሲሆን ነው ይላል። «አስፈላጊ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ቲሸርት ውስጥ በመክተት የሚፈታን ችግር «በጥሰህ ና» ብሎ መፍታት አስፈላጊ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል።

የሙስሊም ተማሪዎች ጉዳይ ከዚህ ይቀላል፣ ምክንያቱም መልሱ ተሠርቶ አልቋል። በሒጃብ ውስጥ የሚያሰጋው ጨርቁ አይደለም፣ ማያያዣው መርፌ ነው። ያለ መርፌ ተጠልቆ የሚለበስ የስፖርት ሒጃብ አለ። እግር ኳስ የራስ መሸፈኛን እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቅርጫት ኳስ ደግሞ በ2017 ፈቅደዋል። ክታብ በክር አንገት ላይ ለሚያስር ልጅ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ስለ ማተብ ያልሁት ሁሉ ይሠራል።

## ቴሌቪዥን ላይ ያለችው ሯጭስ?

ልጆች የሚያነሡት ጥሩ ጥያቄ ነው። ሯጮቻችን መስቀል አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ሎቲ አድርገው፣ አንዳንዴ ቀለበትም ሳያወልቁ በዓለም ሻምፒዮና ይሮጣሉ። «እነሱ ከተፈቀደላቸው እኔ ለምን?»

መልሱ ስፖርቶቹ ራሳቸው አይስማሙም የሚል ነው፣ የማይስማሙበትም ምክንያት አላቸው። አትሌቲክስ ጌጥ አይከለክልም፤ ሯጭ ከሰው ጋር አይታገልም፣ ምንም ላይ አይንጠለጠልም። እግር ኳስ በጣም ጥብቅ ነው። የጨዋታው ሕግ ቁጥር 4 ለዓመታት የአንገት ሀብል፣ ቀለበት፣ አምባር፣ ጉትቻ፣ የቆዳና የጎማ ማሰሪያ ሳይቀር እንዲወልቅ ሲያዝ ቆይቷል፣ በፕላስተር መሸፈንም አይፈቀድም ብሎ ጨምሯል። እጅ ኳስ ለዘብ ይላል፤ ጠፍጣፋ ቀለበትና ትንሽ የጆሮ ጌጥ ሌላውን በማይጎዳ መንገድ ከተሸፈነ ሊፈቀድ ይችላል። መረብ ኳስ ጉዳት ሊያደርስ የሚችልን ነገር በጥቅሉ ይከለክላል።

ፕላስተር በእጅ ኳስ ይሠራል፣ በእግር ኳስ ግን ለዓመታት አልሠራም ማለት ነው። በቴሌግራም ግሩፑ «በሕግ ይፈቀዳል» እና «በሕግ አይፈቀድም» የሚሉት ሁለት ሰዎች ሁለቱም ልክ ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ነው። የትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ደግሞ አንድ ስፖርት አይደለም። ዛሬ ሩጫ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከፍታ ዝላይ፣ ከዚያ መረብ ኳስ። ደንቡም ከሳምንቱ ሥራ ጋር መሄድ አለበት።

የእንግሊዝ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን የሚከተሉት ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ይጠቅማል። መጀመሪያ ይውለቅ። የማይወልቅ ከሆነ አደጋው ይቀነስ፣ ወይ በመሸፈን ወይ ልጁ የሚሠራውን በመቀየር። ይህም ካልሆነ ልጁ ከዚያ ሥራ ይውጣ እንጂ ከትምህርቱ አይውጣ፤ ዳኛ ይሁን፣ ሰዓት ይያዝ፣ ነጥብ ይመዝግብ። አንድ የማውቀው ሙግት ደግሞ አለ፣ «በራሴ ኃላፊነት ነው» ብሎ የሚላክ የወላጅ ደብዳቤ። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ደብዳቤ መምህሩን ከኃላፊነት አያወጣውም ተብሎ አይቀበሉትም። በአምባሩ ቅንድቡ የሚፈነከተው ልጅ እናት ያንን ደብዳቤ አልፈረመችም።

የእኛም ሕግ ይህን ያስባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አባትን ተጠያቂ ካደረገ በኋላ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ሰዓት ኃላፊነቱን ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያዞረዋል። ዳይሬክተሮች ስለ ጌጥ ወረቀት ሲልኩ ከጭካኔ ሳይሆን ከዚህ ስጋት ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ደግ ነው።

## «መጀመሪያ ሜዳው ይስተካከል»

ይህን የሚሉ ሰዎች ሊሰሙ ይገባል። ሜዳው ድንጋይ ነው፣ ጉድጓድ ነው፣ ልጁ የሚሮጠው በተቀደደ ሸራ ጫማ ነው፣ የጎሉ ብረት መሬት ውስጥ አልተቸከለም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚደርሰው አብዛኛው ጉዳት መውደቅ፣ መላላጥና ወለምታ ነው እንጂ ሎቲ አይደለም። ያልተቸከለ የጎል ብረት ልጆች ሲንጠለጠሉበት ተገልብጦ ሰው ገድሏል፤ ይህ በሌሎች አገሮች በደንብ ተመዝግቦ የሚገኝ ነው። ይህ ሁሉ እያለ ስለ ሎቲ መጻፍ ቀልድ ይመስላል።

ግን ሁለቱ ወረፋ አይጋፉም። ሜዳ ለማስተካከል በጀትና ገልባጭ መኪና ያስፈልጋል። ቀለበት ለማውለቅ ሳሙና። እንዲያውም ሁለቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ቀለበት የሚይዘው ያው የጎል ብረት መንጠቆ ነው። መንጠቆውን ቆርጦ መረቡን በገመድ ማሰር የአንድ በያጅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

አንድ የሚሰማ ወሬም ላንሣ። ክረምት መግቢያና መውጫ ላይ የጣና ዙሪያ መብረቅ ይበዛል፣ «ብረት መብረቅ ይስባልና ሀብልህን አውልቅ» የሚል ምክር አይጠፋም። ቀለበትና ሀብል መብረቅ አይጠሩም። መብረቅ የሚያሰጋው ልጁ ገላጣ ሜዳ ላይ መቆሙ፣ ውሃ ውስጥ መሆኑ፣ ወይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለሉ ነው። ነጎድጓድ ሲሰማ ሀብል እያወለቁ ጊዜ ከማባከን ክፍል መግባት ነው።

## ወርቁን ማን ይያዘው?

ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ጥያቄ ይህ ነው። ክፍል ውስጥ 50 ወይም 60 ልጅ አለ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። 15 ልጆች ሜዳ ላይ ሎቲና ቀለበት ማውለቅ ቢጀምሩ፣ አንዷ ማሰሪያዋ ሣር ውስጥ ቢጠፋ፣ ሩብ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ዕቃውን መምህሩ በፌስታል ይሰበስባል። ከፌስታሉ ውስጥ የአያት የወርቅ ሎቲ አለ። ወርቅ ዛሬ ስንት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። አንዱ ቢጠፋ መምህሩ ከደመወዙ ይከፍላል? ፊሽካና ፌስታል ይዞ ኳስ ሊያጫውት ነው?

ስለዚህ ደንቡ ሜዳ ላይ ሳይሆን ቤት ነው የሚጀምረው። የስፖርት ቀን በፕሮግራም ይታወቃል። በዚያ ቀን ልጁ ሳያደርግ ይምጣ፣ በቃ። የማይቻል ከሆነ ራሱ አውልቆ ራሱ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ያስቀምጥ። መምህር የልጅን ሎቲ በእጁ ማውለቅ የለበትም፤ ጆሮው ቢደማ፣ ማሰሪያው ቢሰበር ሌላ ጣጣ ነው።

ደንቡን ያላከበረን ልጅ «ጥላ ሥር ተቀመጥ» ማለት ደግሞ ቅጣት የሚሆነው ስፖርት ለሚወድ ነው። ለማይወድ ሽልማት ነው። ልጃገረዶች ዕድሜያቸው ከፍ እያለ ሲሄድ በተለያየ ምክንያት ከሜዳ መራቅ ይጀምራሉ፣ «ሎቲዬ አይወልቅም» ደግሞ ማንም የማይከራከረው ጥሩ ሰበብ ነው። ጥብቅ ክልከላ ያለ አማራጭ ሥራ ሲመጣ ውጤቱ ይኸው ነው፤ ሎቲው ይቆያል፣ ልጅቷ ከስፖርት ትወጣለች። ሰውነት ማጎልመሻ ውጤት የሚያዝበት ትምህርት መሆኑም መረሳት የለበትም።

## ቢደርስስ?

የተቀደደ ጆሮ በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ሳይለቁ ተጭኖ ይያዛል፣ ከዚያ ለመሰፋት ጤና ተቋም ይኬዳል። ጣት ከተቆረጠ ወይም ቆዳው ከተገፈፈ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ እጁ ከፍ ይደረግ። የተቆረጠው ክፍል በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይታሰር፣ ፌስታሉ በረዶ የተጨመረበት ውሃ ላይ ይቀመጥ። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ እንዳይነካው። ከዚያ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል።

ኳስ የመታው ጣት ላይ ቀለበት ካለ ግን ሳያብጥ፣ እዚያው ሜዳ ላይ ወዲያው ይውለቅ። «ትንሽ ይረፍና» አይባልም። ካበጠ በኋላ ከሆነ እጅን ከልብ ከፍ አድርጎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ፣ ሳሙና ወይም ዘይት ቀብቶ በቀስታ እያሽከረከሩ መሞከር ነው። አሁንም እምቢ ካለ የክር ዘዴ አለ። ቀጭን ክር በቀለበቱ ሥር ይሾልካል፣ ከቀለበቱ ጀምሮ ወደ ጥፍሩ አቅጣጫ ጠበቅ ተደርጎ ያበጠውን መገጣጠሚያ እስኪያልፍ ይጠመጠማል፣ ከዚያ በመዳፉ በኩል የቀረው ጫፍ ሲሳብ ክሩ እየተፈታ ቀለበቱን ደረጃ በደረጃ ይዞት ይወጣል። ጣቱ ከተሰበረ፣ ከቆሰለ፣ ወይም ከገረጣና ከደነዘዘ ይህ አይሞከርም። ክሊኒክ ይቁረጡት፤ የተቆረጠውን ቀለበት ወርቅ ቤት መልሶ ይበይደዋል።